ኢንዛይም ምንድን ነው? ከብቅል እንጀምር

ጠላ ያለ ብቅል አይጠመቅም። ጠጅ ግን ያለ ብቅል ይጣላል። ምክንያቱን ለማወቅ ኢንዛይም የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢንዛይም ሕዋስ የሚሠራው፣ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ሞለኪውል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ፕሮቲን ነው። ሥራውን ሲጨርስ ራሱ አያልቅም፤ አንዱን ለቆ ሌላውን ይይዛል። ለዚህ ነው ጥቂቱ ብዙ የሚሠራው።

አሁን ወደ ገብሱ። የገብስ ፍሬ በስታርች የተሞላ ነው። ስታርች እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ እጅግ ብዙ የግሉኮስ ቅንጣቶች ሰንሰለት ነው። የጠላ እርሾ ግሉኮሱን ይበላል፤ ሰንሰለቱን ግን መበጠስ አይሆንለትም። ገብሱ ተዘፍዝፎ፣ ኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሰንብቶ ሲያጎነቁል ነገሩ ይለወጣል። ቡቃያው ምግብ ስለሚፈልግ ፍሬው አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ያመርታል፤ አሚሌዝም ሰንሰለቱን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል። እኛ ታዲያ ቡቃያው ሳይጠግብ ቀድመን እናደርቀዋለን። ስርቆት ነው ማለት ይቻላል። የተሰረቀው ኢንዛይም ጥንስሱ ውስጥ ገብቶ የእንኩሮውንም ስታርች ይቆርጣል።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጠማቂዋ የእንኩሮውን ዱቄት ምጣድ ላይ ታምሰዋለች፤ ብቅሉን ግን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ትክክል ናት። ኢንዛይም የሚሠራው በቅርጹ ነው፤ ፕሮቲኑ ተጣጥፎ በሚፈጥረው ጎድጓዳ ቦታ ስታርቹ ልክ ገጥሞ ይገባል። ኃይለኛ ሙቀት እጥፋቱን ይፈታዋል። የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ፈሳሽ እንደማይሆን ሁሉ፣ ያረረ ብቅልም ስታርች አይቆርጥም።

ሳይንሱም ቢሆን የተጀመረው ከብቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ስታርችን የሚፈታውን ነገር ከብቅል አውጥተው ዲያስቴዝ አሉት። ኢንዛይም የሚለውን ስም ያወጣው ደግሞ ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩነ ነው፤ በ1870ዎቹ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «በእርሾ ውስጥ» እንደማለት ነው።

ጠጁስ? እዚያ ቆረጣውን ንቧ ጨርሳዋለች። ከአበባ የቀሰመችው ፈሳሽ ላይ ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም ጨምራ ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ትከፍለዋለች። ስለዚህ እርሾው ብርዙ ውስጥ ተቆርሶ የቀረበ ማዕድ ያገኛል፤ ብቅል የሚሠራው ሥራ አይኖርም።

አሚሌዝ እናንተም ጋ አለ፣ ምራቃችሁ ውስጥ። አንድ ቁራሽ ነጭ ዳቦ ሳትውጡ ለሁለት ደቂቃ ያህል አኝኩት፤ ቀስ እያለ ይጣፍጣል። በእንጀራ ግን አትሞክሩት፤ ኮምጣጣነቱ ጣፋጩን ይሸፍንባችኋል።