አባቶች በቤተሰብ አገልግሎትና በልጆች እንክብካቤ ያላቸው ተሳትፎ

የአባቶች ተሳትፎ የሚባለው በእርግዝና ክትትል፣ በክትባት፣ በመዋዕለ ሕፃናት፣ በማኅበራዊ ድጋፍና በመሳሰሉት አገልግሎቶች አባትን እንደ እናት ሁሉ የልጁ ተንከባካቢ አድርጎ የማስተናገድ አሠራር ነው። አገልግሎቶቹ በአብዛኛው እናትን ብቻ ታሳቢ አድርገው የተዘረጉ በመሆናቸው፣ አባት የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከግድየለሽነቱ ይልቅ በአሠራሩ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለሙያው ሕፃኑን ታቅፎ የተቀመጠውን አባት አልፎ ስለ ልጁ እንቅልፍና አመጋገብ እናቲቱን ብቻ ይጠይቃል፤ በቅጹ ላይ ያለው የስልክ ቦታ አንድ ነው፤ ቀጠሮውም በሥራ ሰዓት ላይ ይውላል። እንዲህ የተስተናገደ አባት በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲቀር ፍላጎት እንደሌለው ይቆጠራል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማይክል ላምብና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአባትን ተሳትፎ በሦስት ከፍለው አይተውታል፦ ከልጁ ጋር በቀጥታ መዋል፣ በተፈለገ ጊዜ መገኘት እና ኃላፊነት መሸከም። ከሦስቱ ለዓይን የማይታየውና የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ልጁን ወደ ክትባት ይዞ መሄድ አንድ ነገር ሲሆን፣ ቀኑን ማንም ሳያስታውስ ማወቅና ጫማው እንደጠበበው ቀድሞ ማስተዋል ግን ሌላ ነው።

ሕግም ልማድን ያንቀሳቅሳል። ስዊድን በ1974 (እ.ኤ.አ.) የወሊድ ፈቃድን ለሁለቱም ወላጆች ክፍት አደረገች፤ ሆኖም ፈቃዱን በአብዛኛው የሚወስዱት እናቶች ሆነው ቀጠሉ። ኖርዌይ በ1993 (እ.ኤ.አ.) አባቱ ካልተጠቀመበት የሚቃጠል የአራት ሳምንት ድርሻ ስትደነግግ ግን ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አብዛኞቹ መብቱ ያላቸው አባቶች ይወስዱት ጀመር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለአባቶች ቢያንስ የ10 የሥራ ቀናት ፈቃድ እንዲሰጥ አዟል።

በካሊፎርኒያ ፊሊፕና ካሮሊን ካዋን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ አባቶች ብቻቸውን ከተሰበሰቡባቸው ቡድኖች ይልቅ ጥንዶች አብረው የተሳተፉባቸው ሰፋ ያለ ውጤት አስገኝተዋል። የወላጆቹ ግንኙነት ሲሻክር አባት ከልጁም መራቁ የተለመደ ነውና ውጤቱ ብዙ አያስገርምም።

ይህ ማለት ግን አባት በየትኛውም ሁኔታ ይጠራ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወንዶችን ተሳትፎ ሲመክር የሴቷ ምርጫና ውሳኔ እንዲከበር ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። ስለዚህ ባለሙያው እናትን በመጀመሪያ ለብቻዋ ማነጋገር ይኖርበታል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ካለ አባቱን ከመጋበዝ በፊት የእሷና የልጁ ደኅንነት ይቀድማል።