የድንኳን ሳፋሪ ካምፕ

ሳፋሪ በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው። የቃሉ ምንጭ አረብኛ ነው። የድንኳን ሳፋሪ ካምፕ ደግሞ እንግዳው የዱር እንስሳት በሚኖሩበት ሜዳ ወይም ጫካ መሃል በሸራ ድንኳን የሚያድርበት ማረፊያ ነው። ለአካባቢው የሚጠነቀቅ ካምፕ መለያው ቀላል ነው። ሲሚንቶ አያፈስም፤ ድንኳኑን መሬት ላይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይተክላል። ተነቅሎ ሲሄድ ሣሩ ተመልሶ መብቀል አለበት።

አጀማመሩ ግን ከጥበቃ ይልቅ ለአደን የቀረበ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ከሞምባሳ ተነስተው ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ከ200 በላይ ተሸካሚዎች አብረዋቸው ነበሩ። ከድንኳኑና ከስንቁ ሌላ ቆዳ ማድረቂያ የሚሆን 4 ቶን ጨው ተጭኗል። እሳቸውና ልጃቸው ከርሚት ከ500 በላይ እንስሳት ገድለዋል፤ ብዙው የሄደው ለሙዚየም ነው። ያን ሁሉ ዕቃ በትከሻቸው ያሻገሩት አፍሪካውያን ግን ሳፋሪው ሲተረክ እምብዛም አይነሱም። ያለ እነሱ አንድም ድንኳን አይተከልም ነበር።

ከጠመንጃ ወደ ካሜራ የተደረገው ለውጥ ቀስ እያለ የመጣ ነው። በዛምቢያ ሉዋንግዋ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ የዱር እንስሳት ጠባቂው ኖርማን ካር ከባላባቱ ከንሴፉ ጋር ተስማምቶ፣ ገቢው ለአካባቢው ሕዝብ የሚሆን የጎብኚዎች ካምፕ ከፈተ። የመጀመሪያው ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ኬንያ አደንን እ.ኤ.አ. በ1977 ከለከለች።

ትልቁ ነገር የመሬቱ ጉዳይ ነው። በኬንያው የማሳይ ማራ የዱር እንስሳት ክልል ዙሪያ አርብቶ አደር የማሳይ ቤተሰቦች መሬታቸውን አስተባብረው ለካምፖች ያከራያሉ፤ ኪራዩም በየጊዜው ይከፈላቸዋል። በምትኩ የድንኳኑ ቁጥር ይገደባል፤ ከብትም በተራ ይግጣል። ናሚቢያም እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጓን አሻሽላ ለገጠር ማኅበረሰቦች በዱር እንስሳት የመጠቀም መብት ሰጠች። ቦትስዋና በኦካቫንጎ ወንዝ ረግረጋማ ምድር የመረጠችው ጥቂት እንግዳ ተቀብሎ ብዙ ማስከፈልን ነው። ውሃውና ሣሩ ይተርፋል፤ ዋጋው ግን ለተራው ሰው የማይቀመስ ነው።

ቅሬታም አለ። የታንዛኒያው ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ የዛሬውን መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1959 ማሳዮች ለቀው ወደ አጎራባቹ ንጎሮንጎሮ ከሄዱ በኋላ ነው። ተስማምተው ነው የሚሉ አሉ፤ ስምምነቱ እኩል አልነበረም የሚሉም አሉ። ቀን በሶላር እየሠራ ሌሊት ጄኔሬተር የሚያስነሳ ካምፕም «ኢኮ» (ለአካባቢ የሚጠነቀቅ) የሚል ታፔላ መለጠፍ የለበትም።

ተንቀሳቃሽ ካምፖች መንጋውን ይከተላሉ። የቆርኬ ዘመድ የሆነው ዊልደቢስት ከሚሊዮን በላይ ሆኖ በየካቲት ገደማ በደቡብ ሴሬንጌቲ ይወልዳል፤ ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ ሰሜን ላይ የማራን ወንዝ ይሻገራል። ካምፑም ድንኳኑን ጠቅልሎ ከኋላው ይነሳል።

እንግዳው የሚያገኘው ኑሮ ቀላል ግን የታሰበበት ነው። መታጠቢያው የባልዲ ሻወር ነው። ሠራተኛው የሞቀ ውሃ አምጥቶ ከድንኳኑ ጀርባ በገመድ ወደ ላይ ይሰቅላል፤ እንግዳው ገመዱን ሲስብ ውሃው ይወርዳል። አንድ ባልዲ 20 ሊትር ያህል ነው። ሰውነትን አርጥቦ መዝጋት፣ ሳሙና መቀባት፣ ከዚያ ከፍቶ መለቅለቅ ነው። ለደረቅ ሀገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ብዙዎቹ ካምፖች አጥር የላቸውም። ከጨለመ በኋላ ለብቻ መውጣት ክልክል ነው፤ ወደ እራት የሚወስደውም የሚመልሰውም ባትሪ የያዘ ጠባቂ ነው። ዚፑ እስከ ታች ይዘጋል፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ አይገባም። ሌሊት ጉማሬ ከወንዝ ወጥቶ ሣር ሲነጭ ድምፁ ከትራሱ አጠገብ ያለ ይመስላል፤ በመሃል ያለው ሸራ ብቻ ነው። ጎህ ሲቀድ ጠባቂው በየድንኳኑ ዙሪያ ዳናውን ያነባል። ቡናውን ይዞ ሲመጣ ማን እንዳለፈ፣ ወዴት እንደሄደ፣ ልጅ ይዞ እንደነበር ጭምር ይናገራል።