የሌሊት ፈቃድ በእንግሊዝ፦ ከቡና እስከ ራቁት ዳንስ ቤት

ለንደን ውስጥ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ትኩስ ቡና መሸጥ የካውንስል ፈቃድ ይጠይቃል። ቢራ አላልኩም፤ ቡና ነው ያልኩት። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በፈረንጁ 11 ማለት ነው። ክልከላው እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይዘልቃል። ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ አይነካቸውም። ሻይ፣ ቺፕስ፣ የዶሮ ጥብስ፣ የጀበና ቡና ግን በሕጉ ውስጥ ይገባሉ፤ ካውንስሉ አካባቢውን ነፃ ካላደረገው በቀር። ቡናው በነፃ ከተቀዳ ችግር የለም። ግን በር ላይ መግቢያ እያስከፈሉ «ቡናው ነፃ ነው» ማለት አይሠራም። ሕግ አውጪዎቹ ይቺን ብልሃት ቀድመው አስበውባታል።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የምሽት ንግድን የሚቆጣጠሩት የአካባቢ ምክር ቤቶች፣ ማለትም ካውንስሎች ናቸው። መጠጥ ቤት፣ ናይት ክለብ፣ የሌሊት ምግብ ቤት፣ ራቁት ዳንስ ቤት፣ ሁሉም ወደ አንድ ቢሮ ይሄዳሉ። የሚዳኙበት ሕግ ግን ሁለት ነው። አንዱ ካውንስሉን «በቂ ምክንያት ካልቀረበልህ ፍቀድ» ይለዋል። ሌላው «ለሰፈሩ አይመጥንም ካልክ ከልክል» ይለዋል። ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ የመጠጡ ሕግ። በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶችን በፈቃድ ማስተዳደር የተጀመረው በ1552 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሥልጣኑ የተሰጠው ለአካባቢ ዳኞች ነበር። ከ450 ዓመት በላይም በእነሱ እጅ ቆየ። በ2003 የወጣው የፈቃድ አዋጅ ሥልጣኑን ወደ ካውንስል አዞረው። ሥራ ላይ የዋለው ኅዳር 24 ቀን 2005 ሲሆን፣ ያን ሰሞን ጋዜጦቹ «24 ሰዓት መጠጣት ሊፈቀድ ነው» እያሉ ጉድ አሰኙ። አገሩ በስካር ያልቃል የተባለ ነበር። አላለቀም። አብዛኞቹ ቤቶች አንድ ሁለት ሰዓት ጨምረው ቀጠሉ።

አዋጁ አራት ዓላማዎች አሉት፦ ወንጀልና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደህንነት፣ ጎረቤትን አለመረበሽ፣ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። ካውንስሉ ከእነዚህ ውጭ በሆነ ምክንያት ፈቃድ መከልከል አይችልም። ጤና እንኳ አልተካተተም። ስኮትላንድ ግን የራሷ ሕግ ስላላት ጤናን አምስተኛ አድርጋ ጨምራለች።

አመልካቹ ማመልከቻውን ሲያስገባ በሩ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ይህ ወረቀት እንዲሁ ወረቀት አይደለም። ቀለሙ ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ መጠኑ ቢያንስ ኤ4፣ ጽሑፉ ጥቁር፣ የፊደሉ መጠን ከ16 ያላነሰ መሆን አለበት። መንገደኛ ውጭ ቆሞ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ለ28 ቀናት ይለጠፋል። በሰፈር ጋዜጣም አንድ ጊዜ ይወጣል። ነጭ ወረቀት ላይ አትመው የለጠፉ ሰዎች ከመጀመሪያው እንዲጀምሩ ሊገደዱ ይችላሉ። ለንደን ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሱቅ መስኮት ላይ ሰማያዊ ወረቀት ካዩ፣ ቆም ብለው ያንብቡት፤ ከእንቅልፍዎ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

በ28 ቀኑ ውስጥ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የአካባቢ ጤና ቢሮ፣ የልጆች ጥበቃና ሌሎችም መሥሪያ ቤቶች አስተያየት መስጠት ይችላሉ። ጎረቤትም ይችላል። ማንም ካልተቃወመ ግን ካውንስሉ ምርጫ የለውም፤ ይፈቅዳል። ተቃውሞውም ከአራቱ ዓላማዎች በአንዱ ላይ መቆም አለበት። «መጠጥ ቤት አልወድም» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከመስኮቴ ሥር እየጮሁ ታክሲ ይጠብቃሉ» የሚለው ግን ይደመጣል። ደግሞ የተቃዋሚው ስም ለአመልካቹ ይደርሰዋል፤ ይህን የማያውቁ ጎረቤቶች ሲደነግጡ ማየት የተለመደ ነው።

ተቃውሞ ከመጣ ጉዳዩን የሚሰሙት ሦስት የካውንስል አባላት ናቸው። ዳኛ አይደሉም፣ በምርጫ የገቡ ፖለቲከኞች ናቸው። ባለቤቱ ጠበቃ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤቱ ብዙ ጊዜ የያዘው ያልተኛበትን ሌሊት የመዘገበበትን ደብተር ብቻ ነው። ውጤቱም «አዎ» ወይም «አይ» ከመሆን ይልቅ ድርድር ይሆናል። መዝጊያው በአንድ ሰዓት ይቀድማል። የሙዚቃውን ድምፅ የሚገድብ መሣሪያ ይገጠማል። ውጭ ወጥተው የሚያጨሱ ሰዎች ቁጥር ይወሰናል። በሩ ላይ የሚቆሙት ጋርዶች የመንግሥት ባጅ ያላቸው እንዲሆኑ ይደረጋል። በውሳኔው ያልተደሰተ ወገን በ21 ቀን ውስጥ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

ክፍያው በሕንፃው የግብር ግምት ይሰላል፤ ማመልከቻው ለብዙዎቹ ከ100 እስከ 635 ፓውንድ ነው። ይህ ተመን ከ2005 ጀምሮ አልተነካም። ለንደን ውስጥ በ20 ዓመት ዋጋው ያልጨመረ ነገር ሌላ ካለ ንገሩኝ።

ቤቶች በበዙበት ሰፈር ካውንስሉ ጥብቅ ይሆናል። «እዚህ መንገድ ላይ ሞልቷል» የሚል ጥናት ካወጀ፣ አዲስ አመልካች ችግሩን እንደማያባብስ ራሱ ማሳመን ይጠበቅበታል። ሌላው መሣሪያ የሌሊት ቀረጥ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጠጥ የሚሸጥ ቤት በዓመት ከ299 እስከ 4,440 ፓውንድ ይከፍላል፤ ከተጣራው ገቢ ቢያንስ 70 በመቶው ለፖሊስ ይሄዳል። ኒውካስል በ2013 ጀመረችው። ከዚያ የለንደኖቹ ኢዝሊንግተን፣ ካምደን፣ ሃክኒና ሌሎችም ተከተሉ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት ካሌዶኒያን ሮድ ኢዝሊንግተን ውስጥ ስለሆነ፣ እዚያ አምሽቶ ቢራ የሚሸጥ ሐበሻም ይህን ቀረጥ ያውቀዋል።

የእኛ ሰዎች ከዚህ ሕግ ጋር በብዛት የሚገናኙት ግን በእንቁጣጣሽና በሠርግ ሰሞን ነው። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ዘፋኝ ጠርቶ፣ ባር አቁሞ ማምሸት ለሚፈልግ ጊዜያዊ የዝግጅት ማስታወቂያ የሚባል ነገር አለ። ዋጋው 21 ፓውንድ ነው። ከዝግጅቱ 10 የሥራ ቀናት በፊት ለካውንስሉ፣ ለፖሊስና ለአካባቢ ጤና ቢሮ ይደርሳል። ኢንተርኔት ላይ ከሞሉት ካውንስሉ ራሱ ያከፋፍልልዎታል። መቃወም የሚችሉት ፖሊስና ጤና ቢሮው ብቻ ናቸው፤ ጎረቤት እዚህ ላይ ድምፅ የለውም። አንድ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ መገኘት የሚችለው ሰው ከ499 መብለጥ የለበትም፣ አስተናጋጁም ዘፋኙም ተቆጥሮ። የሐበሻ ድግስ ላይ ሰው መቁጠር ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ያውቀዋል። የግል የመጠጥ ፈቃድ የሌለው ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ ነው ማስገባት የሚችለው። ስለዚህ የማኅበር ሊቀመንበሮች ተራ ይገባሉ።

ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ የጊዜ ገደብ የለውም። ግን በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊታይ ይችላል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ፋብሪክ የተባለው የለንደን ክለብ ነው። በ2016 ሁለት የ18 ዓመት ወጣቶች ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ በፖሊስ ጥያቄ የኢዝሊንግተን ካውንስል በመስከረም ወር ፈቃዱን ነጠቀ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ፊርማ አሰባስቦ ተቃወመ። ነገሩ ይግባኝ ችሎት ሳይደርስ በኅዳር ወር በስምምነት አለቀ። የመግቢያ ዕድሜ ወደ 19 ከፍ አለ፣ መታወቂያ በስካነር መፈተሽ ግዴታ ሆነ፣ ዕፅ የተገኘበት ሰው ዕድሜ ልኩን ታገደ። ክለቡ በጥር 2017 ተከፈተ። እንደ እኔ፣ የ2003ቱ ሕግ ጥንካሬ የታየው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በምን አሠራር ደህና መሆን እንደሚቻል ነበር።

ወደ ራቁት ዳንስ ቤቶች ስንመጣ ሌላ ዓለም ነው።

ሶሆ ውስጥ ዊንድሚል የሚባል ቲያትር ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሴቶችን ራቁታቸውን መድረክ ላይ ያቆም ነበር። ደንቡ አንድ ነው፦ እንዳይንቀሳቀሱ። በዚያ ዘመን ቲያትር ሳንሱር የሚያደርገው ሎርድ ቻምበርሌን የተባለው የቤተ መንግሥት ሹም ነበር። እንደ ሐውልት ከቆሙ ጥበብ፣ ከተንቀሳቀሱ ነውር ተባለ። በ1958 እዚያው ሶሆ የተከፈተው ሬይመንድ ሬቪውባር ራሱን የአባላት ክለብ አድርጎ ከዚህ ደንብ አመለጠ፤ ሴቶቹ ተንቀሳቀሱ። የቲያትር ሳንሱሩ በ1968 ቀረ።

በ1982 ካውንስሎች የወሲብ ዕቃ ሱቆችንና የወሲብ ሲኒማዎችን በፈቃድ እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን ተሰጣቸው። ከዚያ በ1990ዎቹ ላፕ ዳንስ፣ ማለትም ለአንድ ደንበኛ ከጭኑ አጠገብ የሚቀርብ ራቁት ዳንስ፣ ከአሜሪካ መጣ። የ2003ቱ አዋጅ እነዚህን ቤቶች እንደማንኛውም መጠጥ ቤት ነበር የሚያያቸው። ፖሊስ ካልተቃወመ፣ ድምፅ ካልረበሸ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አጠገብ ቢሆንም ሰፈሩ ብዙም ማድረግ አይችልም ነበር። ኦብጀክትና ፎሴት ሶሳይቲ የተባሉ የሴቶች መብት ድርጅቶች በዚህ ላይ ዘመቻ ከፈቱ። የ2009 የፖሊስና የወንጀል አዋጅ በአንቀጽ 27 ቤቶቹን ወደ 1982ቱ ሕግ አዛወራቸው። በእንግሊዝ የጀመረው ሚያዝያ 6 ቀን 2010 ነው።

ሕጉ የሚሠራው ካውንስሉ ወድዶ ከተቀበለው ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ተቀብለዋል። በ12 ወር ከ11 ጊዜ ሳይበልጥ፣ በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ወር እየለየ የራቁት ዳንስ የሚያቀርብ መጠጥ ቤት ይህ ፈቃድ አያስፈልገውም። ይህ ቀዳዳ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ እስካሁንም ይተቻል።

ከመጠጡ ሕግ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ሰፊ ነው። ፈቃዱ ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው። ክፍያውን ካውንስሉ ራሱ ይተምናል። የተቃዋሚው ስም ያለ ፈቃዱ ለአመልካቹ አይነገርም። ካውንስሉ «ለዚህ ሰፈር ባሕርይ አይስማማም» ወይም «የሚበቃው ቁጥር ሞልቷል» ብሎ መከልከል ይችላል፤ የሚበቃው ቁጥር ደግሞ ዜሮ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ለተከለከለ ሰው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ የለውም። ያለው መንገድ ውድ የሆነው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ዳኞቹ ለካውንስል ያደላሉ፦ በ2014 በአንድ የኦክስፎርድ ራቁት ዳንስ ቤት ጉዳይ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ምንም የተለወጠ ነገር ባይኖርም ካውንስል የፈቃድ እድሳት ሊከለክል ይችላል ብሏል። ያኔውኑ ሊድስም ሦስት ቤቶችን ከልክላ አሸንፋለች። የመንግሥት መመሪያው ካውንስሎቹን በሥነ ምግባር ስሜት ብቻ አትከልክሉ ይላል። ግን ያው ስሜት «የሰፈሩ ባሕርይ» የሚል ልብስ ለብሶ ሲመጣ ማን ይለየዋል?

የክፍያው ጉዳይም የራሱ ታሪክ አለው። ዌስትሚኒስተር በ2011/12 ለአንድ የወሲብ ዕቃ ሱቅ ፈቃድ 29,102 ፓውንድ ያስከፍል ነበር። ከዚህ ውስጥ ማመልከቻውን ለማየት የሚያስፈልገው 2,667 ፓውንድ ብቻ ነው። ቀሪው ሕገወጦቹን ለማደን ነበር። የሶሆ ባለሱቆች ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2016 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ሕገወጦቹን የማደኑን ወጪ ከማመልከቻው ጋር ቀድሞ ማስከፈል አይቻልም አለ።

ፈቃድ ያገኘ ቤት የሚታሰርበት ግዴታ ረጅም ነው። ከውጭ ምንም እንዳይታይ መስኮት ይሸፈናል። የግል ክፍሎቹ ውስጥ ካሜራ ይኖራል። የዳንሰኛዋ ዕድሜና የሥራ ፈቃድ ተረጋግጦ ይመዘገባል። ደንበኛና ዳንሰኛ አይነካኩም። ይህን የመጨረሻውን ያላከበረ ዋጋ ይከፍላል፤ በድሮው ዊንድሚል ቦታ የተከፈተው ክለብ በ2018 ፈቃዱን ያጣው በዚህ ሰበብ ነው።

ዳንሰኞቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ አይደሉም። ለመሥራት በየምሽቱ ለቤቱ የሚከፍሉ አሉ። ዘመቻ አድራጊዎቹ ቤቶቹ ሴትን ሁሉ ያዋርዳሉ ይላሉ። በማኅበር የተደራጁት ዳንሰኞች ደግሞ «ፈቃድ ያለውን ቤት ዝጉና ካሜራም ጋርድም ወደሌለበት ላኩን» ብለው ይመልሳሉ። ብሪስቶል በ2022 የሚፈቀዱትን ቤቶች ቁጥር ዜሮ ለማድረግ አስባ የሁለቱንም ወገን ሰማች፤ ኮሚቴው ዜሮውን ጣለው።

ስኮትላንድ ሌላ መንገድ ሄዳ እዚያው ደረሰች። ግላስጎው በመጠጥ ሕጉ እርቃንን ልቆጣጠር ብትል ፍርድ ቤት በ2011 «የመጠጥ ፈቃድ ለመጠጥ ነው» ብሎ መለሳት። በ2015 ለቤቶቹ ለብቻቸው ሕግ ወጣ። ኤድንብራ በዚያ ሕግ በ2022 ቁጥሩን ዜሮ አደረገች። ባለቤቶቹና የዳንሰኞቹ ማኅበር ለየብቻ ከሰሱ። በየካቲት 2023 ዳኛው የካውንስል አባላቱ የወሰኑት በተሳሳተ የሕግ ምክር ነው ብለው ውሳኔውን ሻሩ።