የማሠልጠኛ መርከብ ቧንቧ ሠራተኛ

የማሠልጠኛ መርከብ ቧንቧ ሠራተኛ በባሕር ኮሌጆች የልምምድ መርከብ ላይ የንጹህ ውኃ፣ የሻወር፣ የወጥ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያና የፍሳሽ መስመሮችን የሚቆጣጠርና የሚጠግን ባለሙያ ነው። በተራ የጭነት መርከብ ላይ እንዲህ ያለ መደብ እምብዛም አይገኝም። የመርከቡ ሠራተኞች ቁጥር ሃያ ገደማ ስለሆነ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከሞተር ክፍል አንዱ ወጥቶ ያበጀዋል። ባሕር ዳር ከተማ ተምረው በውጭ የንግድ መርከቦች ላይ የሚለማመዱ ኢትዮጵያውያን የባሕር መሐንዲሶችም ይህ ሥራ አይቀርላቸውም።

የካዴቶች (የባሕር ኮሌጅ ሠልጣኞች) መርከብ ግን ሰው የበዛበት ነው። ለአሜሪካ የባሕር ኮሌጆች ከተሠሩት አዳዲስ መርከቦች የመጀመሪያው፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለኒው ዮርኩ ኮሌጅ የተሰጠው «ኤምፓየር ስቴት»፣ 160 ሜትር ርዝመት አለው፤ 600 ካዴቶችንና 100 መኮንኖችን፣ መምህራንንና ሠራተኞችን ይይዛል። አብዛኛው ለባሕር እንግዳ የሆነ ወጣት ነው፤ ጠዋት ሁሉም ባንዴ ሻወር ይገባል።

ውኃው የሚመረተው እዚያው ነው። የባሕሩን ውኃ የሚያተነው መሣሪያ ሙቀቱን ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ ይወስዳል፤ ውስጡ ያለው አየር ስለሚመጠጥ የባሕሩ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ሌላው ዘዴ በከፍተኛ ግፊት ጨውን በሚያስቀር ስስ ሽፋን ማጣራት ነው። በወደብ አካባቢ ባሕሩ ስለሚቆሽሽ ምርቱ ይቆማል፤ ታንከሩ የሚሞላው ከየብስ በተዘረጋ ቱቦ ይሆናል። ቆሞ የዋለ ለብ ያለ ውኃ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ስለሚያራባ፣ ካዴቶቹ በሌሉበት ወቅት ባዶ ክፍሎቹን እየዞሩ ቧንቧ ከፍቶ ማፍሰስም አንዱ ሥራ ነው።

ዋናው ጣጣ ያለው ፍሳሹ ላይ ነው። በብዙ ዘመናዊ መርከቦች ሽንት ቤቱ እንደ አውሮፕላን በመምጠጥ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚፈጀው አንድ ሊትር ያህል ውኃ ነው። ቁጠባው ደግ ነው፣ ግን የአንዱ ሽንት ቤት ቫልቭ ሳይዘጋ ከቀረ የመስመሩ የመምጠጥ ኃይል ይጠፋና ጎረቤቶቹም መሥራት ያቆማሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ክፍል ለክፍል እየሄደ የአየሩን ፉጨት ያዳምጣል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ ሶፍት (ዋይፕስ) ወይም የወር አበባ መጠበቂያ ነው። ሽንት ቤታቸው በባሕር ውኃ በሚታጠብ አሮጌ መርከቦች ደግሞ ሽንቱና ጨዋማው ውኃ ተዋሕደው ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ይጋግራሉ፤ ቧንቧው ከውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ በአሲድ ካልሟሟ ተፈትቶ መፈቅፈቅ አለበት። በመርከቡ የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ስለሆኑ፣ ሽንት ቤት በበረኪና እንዲያጸዳ የታዘዘ ትጉ ካዴት ሳያውቀው ይፈጃቸዋል።

ፍሳሹን እንደልብ መልቀቅ አይቻልም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ያልተጣራ ፍሳሽ የሚለቀቀው ከየብስ ከ12 የባሕር ማይል በላይ ርቆ፣ መርከቡ ቢያንስ በ4 ኖት (በሰዓት 4 የባሕር ማይል) እየተጓዘ ሲሆን፣ ያውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። የተፈጨና በጀርም መግደያ የታከመ ከሆነ 3 የባሕር ማይል ማለፍ ይበቃዋል።

ከሥራው ሁሉ አደገኛው የፍሳሽ ታንከር ውስጥ መግባት ነው። እዚያ የሚጠራቀመው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ በትንሹ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል። ጋዙ በመሣሪያ ሳይለካ፣ ፈቃድ ሳይጻፍና በር ላይ ጠባቂ ሳይቆም ማንም አይገባም።

በአሜሪካ ለዚህ መደብ የየብስ የቧንቧ ሙያ ብቻውን አያስቀጥርም። ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው የመርከበኛ የምስክር ወረቀት ማውጣት፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታና መርከብ ሲሰጥም ራስን ማዳን መሠልጠን ያስፈልጋል።