ካርት ደ ቪዚት ምንድን ነው?

ካርት ደ ቪዚት ማለት ካርቶን ላይ የተለጠፈች፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ፎቶ ናት። ስሟ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሰው ቤት ሲሄዱ የሚተዉትን የስም ካርድ ስለምታክል ነው እንዲህ የተባለችው። ቁመቷ 10 ሴንቲ፣ ስፋቷ 6 ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው።

ዲስዴሪ የሚባል የፓሪስ ፎቶ አንሺ በ1854 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት አወጣባት። ብልሃቱ ቀላል ነው። ብዙ ሌንስ ባለው ካሜራ፣ እንደ ፊልም በሚያገለግል አንድ መስታወት ላይ 8 ያህል ፎቶ ያነሳል፣ አንዴ ያትማል፣ ቆራርጦ ይለጥፋል። ዋጋው ወረደ። ሰውም የመድረክ ሰዎችን ፎቶ እየገዛ ከቤተሰቡ ጋር አልበም ውስጥ ይደረድር ጀመር።

ቶም ተምብን እንውሰድ። ትክክለኛ ስሙ ቻርልስ ስትራተን ነው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው፣ ባርነም የሚባለው አሜሪካዊ የትርኢት ነጋዴ ከልጅነቱ ጀምሮ መድረክ ላይ አውጥቶታል። በ1863፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እየተካሄደ፣ እንደሱው አጭር የሆነችውን ላቪኒያ ዋረንን ኒውዮርክ ውስጥ ሲያገባ የሠርጉ ካርድ እንደ ጉድ ተሸጠ። ቀጥሎ ደግሞ ሕፃን ታቅፈው የተነሱት ወጣ። ሕፃኑ የነሱ አልነበረም፣ ለፎቶው በውሰት የመጣ ነው፤ ላቪኒያ ራሷ ኋላ ላይ ተናግራዋለች። ያን እያወቁ ፎቶውን ማየት አንጀት ይበላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተዋናዮቹ ካርዶች ትርኢት ላይ የተነሱ አይደሉም። ቲያትር ቤቱ ጨለማ ነው፣ የያኔው ካሜራ ደግሞ ብዙ ብርሃንና ለሰከንዶች ንቅንቅ የማይል ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ተዋናይዋ የመድረክ ልብሷን ይዛ ፎቶ ቤት ትሄዳለች፣ የተሳለ መጋረጃ ፊት ትቆማለች፣ እንዳትወዛወዝ ከኋላ የብረት መደገፊያ አንገቷን ይይዝላታል። ጫማው አካባቢ ተጠግታችሁ እዩ፣ የብረቱ እግር ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ! እኔ ካርድ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ያ ሰው እዚያ ቆሞ ትንፋሹን ሲይዝ ይታየኛል።

ከ1866 ወዲህ ካቢኔት ካርድ የሚባል ተለቅ ያለ መጣ። ኒውዮርክ የነበረው ፎቶ አንሺ ሳሮኒ በዚህ ገነነ፤ ታዋቂ ተዋናዮችን ለማንሳትና ፎቷቸውን ለመሸጥ እሱ ራሱ ይከፍላቸው ነበር።

እኛም ጋ ደርሷል። የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እንግሊዝ ሲገባ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር፣ እሱንም በካርት ደ ቪዚት አንስተውታል።

ካርድ እጃችሁ ከገባ ገልብጡት። የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ አለ። የአሜሪካ ከሆነና እንደ ቴምብር ያለ የቀረጥ ወረቀት ከተለጠፈበት፣ ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 ባለው ጊዜ የተሸጠ ነው፤ ቀረጡ የነበረው ያኔ ብቻ ነው።