ማርስ ላይ ቦታ የሚመራው ማነው? ስለ ጠፈር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር፣ ዛፍ ሥር ጀበና ቡና ይዘን እንቀመጣለን። ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አለ፣ እንደኔ ሥራ ያለው የሚመስልም አለ። አጠገባችን አንድ አባት ደንገል አጋድመው ታንኳ ያስራሉ። ወሬው ከኑሮ ውድነት ይጀምርና ፖለቲካ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። ያኔ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሮኬት ቪዲዮ ያሳያል። ስለ ጠፈር ማውራት ማንንም አያስከፋማ!

ባለፈው የባጃጁ ልጅ «ከዚህ ሁሉ ማርስ ሄዶ ቦታ መመራት ይሻላል» አለ። ሳቅን። ከዚያ ግን ክርክሩ የምር ሆነ። ግማሹ «በቅርቡ ይሰፍራሉ፣ አለቀ» አለ። ግማሹ «ጨረቃም አልሄዱም፣ ሁሉም ውሸት ነው» አለ። እኔ ከሁለቱም ወገን የለሁበትም። ተጠራጣሪ ነኝ፤ ግን ጥርጣሬም ልክ አለው። እዚያ የተባሉትን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ጨረቃ ላይ ማንም አልወጣም፤ ስቱዲዮ ነው»

ይህን ቶሎ ልለፈው። ከ1969 እስከ 1972 ድረስ 12 ሰዎች ጨረቃን ረግጠዋል። 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር ይዘው ተመልሰዋል። እዚያ የተዉት መስታወት ዛሬም ከምድር የሌዘር ብርሃን ሲላክበት መልሶ ያንጸባርቃል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ግን የባላንጣ ምስክርነት ነው። ሶቪየት ኅብረት ያኔ ከአሜሪካ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቃ ነበር። ጋጋሪንን በ1961 አመጠቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒኩን ስታግዝ የነበረችውም እሷው ናት። የጨረቃው ጉዞ ድራማ ቢሆን ኖሮ ቀድማ የምታጋልጠው እሷ ነበረች። አላጋለጠችም።

«ማርስ ሩቅ ነው እንጂ እንደ ምድር ነው»

ልጁ ፎቶ አሳየን። ቀይ መሬት፣ ኮረብታ፣ ሰማይ። «አፋር አይመስልም?» አለ። ይመስላል። ፎቶ ግን አየሩን አያሳይም። የማርስ አየር ግፊት ከምድር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ያለችውም ትንሽ አየር 95 በመቶዋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናት። አማካይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው።

ግፊት ምን ያደርጋል? ጀበናውን እንየው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል። ማርስ ላይ ነገሩ ጫፍ ይደርሳል። ጣናን ቀድተህ ወስደህ እዚያ ብታፈሰው ገሚሱ እየፈላ ይተናል፣ ገሚሱ በረዶ ይሆናል። ሐይቅ ሆኖ አይቆይም።

«ጤፍስ?» አለ ተማሪው። አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አለ። በ2008 ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር ነች ያገኘችው። ጨው ታይሮይድ የሚባለውን የአንገት ዕጢ ያውካል። ስለዚህ ከመዝራትህ በፊት አፈሩን ታጥባለህ። በየትኛው ውሃ? እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ስልክስ? መልእክት በብርሃን ፍጥነት ቢሄድም ለአንድ ጉዞ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱ ፕላኔቶች ሲራራቁ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ብለህ መልሱ እስኪመጣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ነው።

«ኦክስጅን ማምረት ተችሏል፤ ጣጣው አልቋል»

ይህን ያመጣው ተማሪው ነው፤ መነሻው እውነት ነው። ፐርሲቪራንስ የተባለው ተሽከርካሪ ሞክሲ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ጭኖ ሄዷል። ከ2021 እስከ 2023 ድረስ 16 ጊዜ ሠርቶ ከማርስ አየር ኦክስጅን አውጥቷል። ጎበዝ ሥራ ነው፤ ማጣጣል አልፈልግም። ጠቅላላ ምርቱ ግን 122 ግራም ነው። አንድ ሰው በቀን 840 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተመረተው ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል ማለት ነው። እኛ ቡናው ላይ የተቀመጥነው ከዚያ ይበልጣል።

አየር መሥራት አንድ ነገር ነው፤ አየሩን ጠብቆ ማኖር ሌላ። ይህ ደግሞ እዚሁ ምድር ላይ ተሞክሯል። በ1991 አሜሪካ፣ አሪዞና በረሃ ውስጥ ባዮስፌር 2 የሚባል ትልቅ የመስታወት ቤት ተሠራ። ጫካ ነበረው፣ እርሻ ነበረው፣ ትንሽ ባሕርም ነበረው። ስምንት ሰዎች ገብተው በሩ ታሸገ። ሐሳቡ ለሁለት ዓመት ከውጭ ምንም ሳይገባላቸው እንዲኖሩ ነበር።

በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ ኦክስጅኑ ከ20.9 በመቶ ወደ 14.5 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰዎቹ ማታ ማታ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። በመጨረሻ ኦክስጅን ከውጭ ተጭኖ ገባላቸው። ሌባው ማን ነበር? ለሰብል ተብሎ የገባው ለም አፈር! አፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን እየተጠቀሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣሉ፤ ያንን ደግሞ የቤቱ ሲሚንቶ እየመጠጠ ያስቀረዋል። ስሌቱን የሠሩት ሞኞች አልነበሩም። ግድግዳውን ማንም አልጠረጠረውም፤ ነገሩ ይሄ ነው። አበባ የሚያዳቅሉት ነፍሳት ሲያልቁ ጉንዳንና በረሮ ግን ተመቻቸው። እዚያ በሩን መክፈት ይቻል ነበር። ማርስ ላይ በር መክፈት የሚባል ነገር የለም።

ይህን ስናወራ ታንኳ የሚያስሩት አባት ጣልቃ ገቡ። «ታንኳም እንዲሁ ነው» አሉ። «ውሃ ይጠጣል። ማታ አውጥተህ ካላቆምከው፣ ፀሐይ ካላስመታኸው፣ ይከብድና ይበሰብሳል።» እውነታቸውን ነው። የደንገል ታንኳ ዕድሜው የወራት ነው። የሚያኖረው የየዕለቱ ማድረቅ ነው።

«ምድር ብትበላሽ ሌላ ቤት አለን»

የዚህ መልስ ለእኛ ከደጃችን ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። አየሩ ነፃ፣ ዝናቡ ነፃ፣ ፀሐይዋ ነፃ። በ2011 እምቦጭ እንደገባ ታወቀ። አንድ ተንሳፋፊ አረም፣ አበባውም ሲያዩት ያምራል። ከደጋው የሚታጠበው አፈርና ከማሳው የሚወርደው ማዳበሪያ ቀለብ ሆነውት በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ደምቢያና ፎገራ በኩል ተንሰራፋ።

አንድ ዘመቻ ላይ እኔም ወጥቼ ነበር። ሱሪህን ጠቅልለህ እስከ ወገብ ትገባለህ። አረሙን ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሲጎትቱት ሥሩ ጭቃና ውሃ ቋጥሮ ይመጣል። ሁለት ሰው ሆነን አንዱን ጭነት ዳር ለማድረስ ትንፋሻችን ያልቃል። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ በእጁ ሲነቅል ኖሯል። ማሽኖችም መጥተው ነበር፤ አንዳንዶቹ መለዋወጫ ሲጠፋ ቆሙ። እኛ የከመርነውን ደግሞ በጊዜው የሚያነሳው አልተገኘም። ክረምት ገብቶ ሐይቁ ሲሞላ ክምሩ ተመልሶ ገባ። ዘሩማ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል።

እንግዲህ ብልህ ነን የምንለው ሰዎች፣ ነፃ አየር እየተነፈስን፣ አንድ አረም እንዲህ አድርጎናል። ያለ መለዋወጫ የቆመ ማሽን እዚህ ሐይቅ ያስወርራል። ማርስ ላይ ሰው ይገድላል። መለዋወጫ ጭኖ መነሻው ጊዜ ደግሞ በ26 ወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ጉዞው ራሱ ሰባት ወር ገደማ ይወስዳል።

«ባለሀብቱ ቀን ቆርጧል፤ በቅርብ ዓመት ይሰፍራሉ»

ኢሎን መስክ በ2017 ዕቅዱን ሲያቀርብ ዕቃ ጫኝ መንኮራኩር በ2022፣ ሰው ደግሞ በ2024 ወደ ማርስ እንልካለን ብሎ ነበር። 2024 መጥቶ ሄደ። ማርስ ዋን የሚባል የኔዘርላንድ ድርጅት ደግሞ የማይመለሱ ሰፋሪዎችን እመለምላለሁ ብሎ ዓለምን ካስጓጓ በኋላ በ2019 ከሰረ።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። የመስክ ኩባንያ ያመጠቀውን ሮኬት መልሶ ማሳረፍን በ2015 አሳይቷል። በጥቅምት 2024 የግዙፉን ሮኬት የታችኛውን ክፍል ከአየር ላይ በብረት ክንድ ሲቀልበው አይቼ አፌን ይዣለሁ። ሮኬቱ እውነት ነው። ቀኑ ነው እንደ ኮንትራክተር ቀን የሚሆነው። «ለመስቀል እናስረክባለን» የሚልህን ሰው ታውቀዋለህ አይደል? ቀኑ የሚነገረው ቤቱ ስላለቀ አይደለም፤ ቅድሚያ ክፍያው እንዳይቆም ነው።

«እዚያ ፖለቲካ የለም፤ ከዜሮ ነው የሚጀመረው»

እኔን ከሁሉ የሚያስቀኝ ይሄ ነው። ተከራይቼ የኖርኩበት አንድ ግቢ ነበር። ቧንቧው አንድ ነው፣ ቁልፉ ያከራዩ ኪስ ውስጥ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፋል። ኪራይ ያሳለፈ ሰው ደግሞ ጀሪካኑን ይዞ ሲያንጎራጉር ያመሻል። ማንም አይከራከረውም፤ ውሃ ነዋ። አሁን በውሃው ፈንታ አየር አድርገው። የምትተነፍሰውን አየር የሚያመርተው አሠሪህ ነው፣ ቤትህን ያከራየህም እሱ ነው፣ መመለሻ ትኬቱም የእሱ ነው። «ሥራ አቁሜያለሁ» በል እስቲ!

ሕግም ቢሆን ባዶ ሜዳ አይደለም። በ1967 የወጣው የጠፈር ስምምነት ማንም አገር ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል «የኔ ግዛት ነው» እንዳይል ይከለክላል። የግል ኩባንያ ለሚሠራውም የሚጠየቀው አገሩ ነው። አሜሪካ ግን በ2015 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ ከጠፈር ቆፍረው ያወጡትን የግላቸው ማድረግ እንዲችሉ ፈቀደች። መሬቱ የማንም አይደለም፣ ማዕድኑ ግን ላወጣው ነው እንደማለት። በ2020 ደግሞ ስታርሊንክ በሚባለው የመስክ ኩባንያ የሳተላይት ኢንተርኔት የደንበኞች ውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ተገኘ። ማርስ ነፃ ፕላኔት ናት፣ የምድር መንግሥት አያዛትም ይል ነበር። ለኢንተርኔት የምትፈርመው ውል ውስጥ! ስለዚህ ለባጃጁ ልጅ ነገርኩት፦ እዚያም ቦታ የሚመራ ሰው ይኖራል፣ ወረፋም ይኖራል፣ «ነገ ና» ባይም አይጠፋም።

«ኢንተርኔቱ ከሰማይ ከመጣ ማንም አይዘጋውም»

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ስለከረመ ይህ ምኞት ይገባኛል። ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዛሬ የምንጠቀመው ኢንተርኔት በአብዛኛው የሚመጣው በመሬትና በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ነው፤ ወደ እኛ የሚገባው በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ነው። ሁለተኛ፣ የሰማዩም ማብሪያ ማጥፊያ አለው። በ2022 ዩክሬን ክራይሚያ አካባቢ ስታርሊንክ እንዲከፈትላት ስትጠይቅ እምቢ ማለቱን መስክ ራሱ ተናግሯል። ቁልፉ ከመንግሥት ኪስ ወደ አንድ ሰው ኪስ ዞረ እንጂ አልጠፋም።

«ለድሃ አገር ሳተላይት ቅንጦት ነው»

እዚህ ጋ ከተጠራጣሪ ጓደኞቼ እለያለሁ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ስትመጥቅ ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ሥራዋ እርሻንና ውሃን ከላይ ማየት ነበር። ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን የብርሃን ዓይነት አብዝቶ ይመልሳል። ሰብል ሲጠወልግ ያ ብርሃን ይቀንሳል፣ ከላይም ይታወቃል። እምቦጭም ውሃው ላይ የሚለየው በዚሁ ዘዴ ነው። አይነቅለውም፤ ግን የት እንደደረሰ ይነግርሃል።

የ1984ቱ ረሃብ አልፎ በማግሥቱ አሜሪካ ፊውስ ኔት የሚባል የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ አቋቋመች። ዝናብና ሰብልን በሳተላይት እየተከታተለ ረሃቡ ሳይመጣ ይናገራል። በጥር 2025 ዋሽንግተን የውጭ እርዳታን ስታቆም እሱም ተዘጋ፤ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ሳተላይቶቹ ያን ጊዜም መዞራቸውን አላቆሙም። የጠፋው ምስሉን አንብቦ የሚናገረው ቢሮ ነው።

«ሳተላይት ቤቴ ድረስ ያየኛል»

ይህን የጠየቁት ታንኳ የሚያስሩት አባት ናቸው። «ልጄ፣ ያ የምትለው ነገር እኔንም እዚህ ቁጭ ብዬ ያየኛል?» አሉ። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ጣናን በየአምስት ቀኑ ገደማ ያያሉ፣ ምስላቸውም ለማንም በነፃ ነው። አንዷ ነጥብ ግን 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። እርስዎም፣ ታንኳውም፣ እኛም፣ ጀበናውም አንድ ነጥብ ውስጥ ነን አልኳቸው። በገንዘብ የሚሸጡት 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይለያሉ፤ በእነሱም ቢሆን ጋሼ አንድ ሁለት ነጥብ ቢሆኑ ነው።

«ሐይቁን ግን ያያል?»

«ያያል።»

«እሱን ይይ» አሉና ያለቀውን ታንኳ ግንዱ ላይ አስደግፈው አቆሙት፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ።