ከድግስ በኋላ ለሚነሣ ሕመም ምንጩን መፈለግ፦ ስለ ባክቴሪያ ልየታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎጃም ከሰርግ ወይም ከተዝካር ድግስ በኋላ ብዙ ሰው በተቅማጥና በትኩሳት ሲወድቅ «ከየትኛው ምግብ መጣ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ መልስ ከሚያቀርቡት መንገዶች አንዱ የባክቴሪያውን ዘረመል አንብቦ ከታማሚው የተገኘው ከምግቡ ከተገኘው ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ማለትም ልየታ ነው፤ በቅንነት የሚነገሩ አንዳንድ አስተሳሰቦች ግን ምርመራው ገና ሳይጀመር ያሰናክሉታል።

«ያሳመመን መጨረሻ የበላነው ነው።» ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመም ምግቡ ከተበላ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ሊጀምር ይችላል፤ ሊስቴሪያ የተባለችው ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ ሳምንታት ልትቆይ ትችላለች። ትናንት የተበላው ቁርጥ ሲወቀስ የሦስት ቀኑ አይብ ሳይጠየቅ ያልፋል።

«የዊዳል ምርመራ ታይፎይድ ብሏል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ዊዳል ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚሠራውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ፀረ አካል እንጂ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ ቀድሞ ታሞ የዳነ ወይም ታይፎይድን ከሚያመጣው ጋር በሚዛመድ ሌላ ሳልሞኔላ የተያዘ ሰው ውጤትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ለልየታ አብዛኛውን ጊዜ በላቦራቶሪ የሚያድግ ሕያው ባክቴሪያ ስለሚያስፈልግ፣ የሰገራ ወይም የደም ናሙና አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ በጠና የታመመ ሰው ሕክምና ግን ለናሙና ተብሎ ሊዘገይ አይገባም።

«በታማሚውም በምግቡም አንድ ስም ያለው ባክቴሪያ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።» ሳልሞኔላ ብቻውን ከ2,500 በላይ ዓይነቶች አሉት፤ ስለዚህ የስም መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይሆንም። በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቋቋመው ፐልስኔት የተባለው የላቦራቶሪዎች መረብ ለዓመታት ዲኤንኤውን በኢንዛይም ቆራርጦ፣ ቁርጥራጮቹ በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ ሲጓዙ የሚሠሩትን መስመር ያነጻጽር ነበር፤ ከ2019 ወዲህ ዋናው መንገድ ሙሉውን ዘረመል ማንበብ ሆኗል።

በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመን ከ3,800 በላይ ሰዎችን ያሳመመና ከ50 በላይ የገደለ ኢኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በመጀመሪያ የተወነጀለው ከስፔን የገባ ኪያር ነው፤ በኪያሩ ላይም አደገኛ ኢኮላይ በእርግጥ ተገኝቶ ነበር። ልየታው ሲደረግ ግን የኪያሩ ባክቴሪያ ሰዎቹን ያሳመመው ኦ104 የተባለው ዓይነት አለመሆኑ ታወቀ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ገበሬዎቹ ምርታቸውን የሚገዛ አጥተው ነበር።

«እንግዲያው ዘረመል የሚያነበው ማሽን ብቻውን ምንጩን ያገኛል።» የዚያው ወረርሽኝ ፍጻሜ ይህንንም ያፈርሳል። መርማሪዎች በአንድ ምግብ ቤት የተመገቡ ሰዎች ምን እንዳዘዙ፣ አብሳዮቹም በየምግቡ ውስጥ ምን እንደጨመሩ ጠይቀው፣ እንደ ብቅል በውኃ ተነክሮ የበቀለና ጥሬውን የሚበላ ቡቃያ ላይ ደረሱ። የግዢና የሽያጭ ሰነዶችን ተከትለው ሲሄዱ ደግሞ ከግብፅ የገባ፣ እኛ በየቤታችን የምናውቀው የአብሽ ፍሬ ተገኘ፤ ባክቴሪያው ግን በፍሬው ላይ ጨርሶ አልተገኘም። ልየታው ኪያሩን ነጻ አወጣ፤ ወደ አብሹ ያደረሰው ግን ማን ምን እንደበላ መጠየቅና ሰነድ መከተል ነበር።

«ጥቂት ልዩነት ካለ ምንጩ ሌላ ነው» የሚለውም አያስኬድም። ባክቴሪያ ሲራባ ዘረመሉ በጥቂቱ ይለወጣልና፣ የልዩነቱ ብዛት የሚመዘነው ከባክቴሪያው ዓይነትና ካለፈው ጊዜ ጋር ነው።

«የተረፈውን ምግብ ቶሎ መድፋት ነው» የሚለው ከደግነት የመጣ ነው፤ ሰው እንዳይበላው መከልከሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከየዓይነቱ ጥቂት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ፣ በቀዝቃዛ ቦታ ለብቻው ካልተቀመጠ፣ የጤና ባለሙያው ሲደርስ ከታማሚው ናሙና ጋር የሚያነጻጽረው ምግብ አይኖርም።